የወፍጮና የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሣጥን ሲበላሽ፦ ጉድለቱን ደረጃ በደረጃ የማግኘት መንገድ

ወፍጮ ቤት ለአንድ ቀን ሲቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ እህል በአህያ ጭኖ የመጣ ሰው ሳያስፈጭ ይመለሳል። በበጋ መስኖም እንዲሁ ነው፤ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ሽንኩርት የተከለ ገበሬ ፓምፑ በቆመበት ሳምንት ማሳው ሲጠወልግ ቆሞ ያያል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የተበላሸው የወፍጮው ድንጋይ ወይም ፓምፑ ራሱ ሳይሆን፣ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውና የሚከለክለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ሲያስቸግር ሁለት ጎጂ ልማዶች ይታያሉ። አንደኛው መሣሪያው በቆረጠ ቁጥር ምክንያቱን ሳይጠይቁ መልሶ ማስነሣት ነው። ሁለተኛው የተቃጠለን ፊዩዝ በወፍራም ሽቦ መተካት ወይም መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ነው። ሁለቱም ለአንድ ቀን ያሠሩ ይሆናል፤ ፍጻሜያቸው ግን የሞተር መቃጠል፣ የቤት መቃጠል ወይም የሰው ሕይወት መጥፋት ነው። ይህ ጽሑፍ የወፍጮና የፓምፕ ባለቤቶች፣ ኦፕሬተሮችና የመስኖ ማኅበራት ጉድለቱ የት እንዳለ በሥርዓት እንዲለዩና የትኛው ሥራ ለባለሙያ እንደሚተው እንዲያውቁ የተዘጋጀ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

የተለመደው የሦስት ፌዝ ሞተር መቆጣጠሪያ ሣጥን አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ዋናው ብሬከር ወይም ፊዩዝ ሽቦ ሲገናኝ (ሾርት ሲፈጠር) ኃይሉን ወዲያውኑ ይቆርጣል። ኮንታክተር የሚባለው በማግኔት የሚሳብ ማብሪያ ሲሆን፣ ለሞተሩ የሚሄደውን ከባድ ኃይል ያገናኛል፤ ይለያያልም። ኦቨርሎድ ሪሌይ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ በሙቀት አውቆ የኮንታክተሩን ትእዛዝ ያቋርጣል። የፌዝ መጉደል መከላከያ ሪሌይ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጠፋ ወይም ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ሞተሩ እንዳይነሣ ያደርጋል። የመጨረሻዎቹ የማስነሻና የማቆሚያ ቁልፎች ናቸው፤ በፓምፕ ላይ የውኃ መጠን መቆጣጠሪያም ይጨመርባቸዋል።

ትልልቅ ሞተሮች ባሉበት ስታር ዴልታ የሚባል አነሣስ የተለመደ ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ የሚደርስ አምፔር ስለሚስብ፣ በዚህ ዘዴ መጀመሪያ በስታር ይነሣና የመነሻ አምፔሩ ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ የጊዜ ሪሌዩ ወደ ዴልታ ያዛውረዋል። በስታር ጊዜ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ ወፍጮ እህል ሳይጨመርበት ባዶውን መነሣት አለበት።

ከሁሉ በፊት ደኅንነት

የሣጥኑን በር ከመክፈት በፊት ዋናው ማብሪያ መጥፋት ይኖርበታል። ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያበራውም በቁልፍ መቆለፍ ወይም ሰው አጠገቡ ማቆም ይገባል። ከዚያም መለኪያው ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ተሞክሮ መሥራቱ ይረጋገጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ ኃይል አለመኖሩ ይለካል፤ በመጨረሻም መለኪያው ራሱ መልሶ ይሞከራል። መለኪያው ሞቶ ዜሮ ቢያሳይ ኃይል የለም ማለት አይደለምና ይህ ሦስት እርምጃ መዘለል የለበትም።

የሞተርን ፍጥነት የሚለውጡ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች፣ በተለምዶ ኢንቨርተር የሚባሉት፣ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም በውስጣቸው ባሉ ካፓሲተሮች ገዳይ ኃይል ያቆያሉ። በ380 ቮልት በሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ይህ ወደ 540 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ጠብቆና ለክቶ እንጂ ወዲያው መንካት አይቻልም።

ኃይል እያለ የሚደረግ መለካት የሠለጠነ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። የሣጥኑ ባለቤት ማየት፣ ማሽተት፣ መስማት፣ መመዝገብና ኃይል ማጥፋት ይችላል፤ በእርጥብ እጅ፣ በባዶ እግር ወይም ብቻውን ሆኖ ሣጥን መክፈት ግን የለበትም።

መጀመሪያ ማየትና መጠየቅ

ጥሩ ባለሙያ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። ማሽኑ ሲሠራ ቆመ ወይስ ሲነሣ? ከመቆሙ በፊት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር? መብረቅ ነበር? ጭነቱ ከወትሮው በዝቶ ነበር? ከቀናት በፊት የተነካ ወይም የተቀየረ ነገር አለ?

ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ ይሠራሉ። የጠቆረ የሽቦ ጫፍ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ የላላ ማያያዣ ምልክት ነው። የላላ ብሎን ይሞቃል፤ ሙቀቱ የበለጠ ያላላዋል፤ በመጨረሻም ሽቦው ይቃጠላል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ የኮንታክተሩ መጠምጠሚያ ወይም የሞተሩ መጠምጠሚያ መቃጠሉን ያመለክታል። የአይጥ ኩስ፣ የጉንዳን መንጋ፣ የሸረሪት ድር ወይም የረጋ ዱቄት ከተገኘ ለጉድለቱ መንሥኤ ሊሆን ይችላል። ማናቸውም ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት በኋላ ሲመለስ ከስሕተት ያድናል።

የገባውን ኃይል መለካት

ከሣጥኑ ውስጥ ጉድለት ከመፈለግ በፊት ወደ ሣጥኑ የሚገባው ኃይል ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። በሀገራችን የሦስት ፌዝ መስመር በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። ሦስቱም የፌዝ ጥንዶች መለካት አለባቸው፤ ሁለቱን ለክቶ ሦስተኛውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

አንድ ፌዝ ከጎደለ የቆመ ሞተር እያጉረመረመ አይነሣም። ሲሠራ የነበረ ሞተር ደግሞ ላይቆም ይችላል፤ በቀሪዎቹ ሁለት ፌዞች ከመደበኛው 1.7 እጥፍ ገደማ አምፔር እየሳበ ይሞቅና ይቃጠላል። በሥራ ላይ ያለ ሞተር የጠፋውን ፌዝ በከፊል መልሶ ስለሚያመነጭ፣ በሞተሩ በኩል የሚደረግ ልኬት ሊያታልል ይችላል። የተሻለው ዘዴ ሞተሩ ጠፍቶ በመግቢያው በኩል መለካት ነው። ፊዩዝም ኃይሉ ጠፍቶ ከማቀፊያው ከወጣ በኋላ መቀጠሉ በመልቲሜትር ይፈተሻል።

ሦስቱም ፌዞች ቢኖሩም መጠናቸው ሊራራቅ ይችላል። ለምሳሌ ልኬቱ 380፣ 376 እና 360 ቮልት ቢሆን አማካዩ 372 ነው፤ ከአማካዩ በጣም የራቀው በ12 ቮልት ስለሚለይ ልዩነቱ 3.2 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በሞተሩ አምፔር ላይ የሚፈጥረው አለመመጣጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ሲያልፍ መንሥኤው መፈለግ አለበት፤ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ሞተሩን ማሠራት አይገባም። እንዲህ ያለው ጉድለት ከቆጣሪው በፊት ከሆነ የሚመለከተው የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሣጥኑን መፈታታት ጥቅም የለውም።

ከመስመር ጥገና በኋላ ፓምፑ እየዞረ ውኃው ካነሰ ወይም ወፍጮው ወደ ኋላ ከዞረ፣ የፌዞቹ ቅደም ተከተል ተለውጧል ማለት ነው። ኃይሉ ጠፍቶ ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ማለዋወጥ አዟዟሩን ያስተካክለዋል።

የትእዛዝ መስመሩን መከተል

ኃይሉ በትክክል ገብቶ ማስነሻው ሲጫን ምንም ካልተሰማ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ለኮንታክተሩ መጠምጠሚያ ኃይል ደርሷል ወይስ አልደረሰም? መጠምጠሚያው ኤ1 እና ኤ2 ተብለው የተጻፉ ሁለት ጫፎች አሉት። ማስነሻው ተጭኖ በነዚህ መካከል መጠምጠሚያው ላይ የተጻፈው ቮልት (220፣ 380 ወይም 24 ሊሆን ይችላል) ከተገኘ ትእዛዙ ደርሷል። ደርሶም ካልሳበ መጠምጠሚያው ተቃጥሏል ወይም የሚሳበው አካል ተይዟል ማለት ነው። ኃይሉ ጠፍቶ፣ የመጠምጠሚያው ሽቦ ተነቅሎ በኦም መለኪያ ሲፈተሽ ምንም መቀጠል ካላሳየ መጠምጠሚያው ተበጥሷል።

ኃይል ካልደረሰ ደግሞ መስመሩን ከመነሻው ጀምሮ መከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ብዙውን ጊዜ የትእዛዝ ፊዩዝ፣ የፌዝ መከላከያ ሪሌይ፣ የኦቨርሎዱ 95 እና 96 ጫፎች፣ የማቆሚያው ቁልፍ፣ የማስነሻው ቁልፍ፣ ከዚያም መጠምጠሚያው ነው። የኦቨርሎዱ 95 እና 96 በደኅና ጊዜ የተገናኙ ሲሆኑ፣ ሲቆርጥ ይለያያሉ። ኃይሉ ከአንዱ ጫፍ ደርሶ ከሌላው ካልወጣ ጉድለቱ በዚያ መካከል ነው። ይህን መንገድ የያዘ ባለሙያ መለዋወጫ በመገመት ገንዘብ አያባክንም።

ማስነሻው ሲጫን ተነሥቶ ሲለቀቅ የሚቆም ከሆነ፣ የኮንታክተሩ ራስን የመያዣ ጫፍ፣ ብዙውን ጊዜ 13 እና 14 የሚል ቁጥር ያለው፣ ተበላሽቷል ወይም ሽቦው ወጥቷል። ኮንታክተሩ የሚንቀጠቀጥና የሚጮህ ከሆነ የሚደርሰው ቮልት አንሷል፣ አለዚያም በማግኔቱ ፊት ላይ ዱቄት ወይም ዝገት ገብቷል። የኮንታክተር የመገናኛ ጫፎች መጥቆር በራሱ ጉድለት አይደለም። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የብር ቅይጡን ስለሚያነሣ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ የቀለጠ ወይም በጣም የተበላ ጫፍ መለወጥ ብቻ ነው ያለበት።

ኦቨርሎዱ ለምን ቆረጠ?

ኦቨርሎድ ሪሌይ ሲቆርጥ ሥራውን ሠርቷል እንጂ አልተበላሸም። መልሶ ከማስነሣት በፊት ሞተሩ ሊቀዘቅዝና ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል። ምክንያቱ የደነደነ ወይም እርጥብ እህል፣ የደረቀ ኩሽኔታ፣ በጣም የተወጠረ ቺንጊያ፣ በፓምፕ ውስጥ የተያዘ ጭቃ፣ የጎደለ ፌዝ ወይም የላላ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

የሪሌዩ ቁጥር የሚሞላው በሞተሩ ስም ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ነው። «እንዳይቆርጥ» ተብሎ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ጠባቂን አስሮ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። በስታር ዴልታ አነሣስ ግን ሪሌዩ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ መጠምጠሚያ ጋር በአንድ መስመር ስለሚቀመጥ፣ የሚሞላው የሰሌዳው 58 በመቶ ነው። ሰሌዳው 30 አምፔር የሚል ከሆነ 17.4 አምፔር ይሆናል። ይህን ሳያውቁ 30 ላይ የተሞላ ሪሌይ ሞተሩ እየተቃጠለ ዝም ብሎ ሊያይ ይችላል።

ጉድለቱ የሞተሩ ነው ወይስ የሣጥኑ?

ይህን ለመለየት ኃይሉ ጠፍቶ የሞተሩ ሽቦዎች ከሣጥኑ ይነቀላሉ። ሣጥኑ ያለ ሞተር ሲሞከር ኮንታክተሩ በትክክል ከሳበና ብሬከሩ ካልቆረጠ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩና ወደ ኬብሉ ይዞራል። የሦስቱ መጠምጠሚያዎች ኦም እርስ በርሱ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ በግልጽ ከተለየ ተበላሽቷል። በመጠምጠሚያውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው መከላከያ በ500 ቮልት ሜገር ይለካል። ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ሞተሩ ሳይደርቅ ወይም ሳይጠገን መነሣት የለበትም። በዚህ ልኬት ጊዜ ኢንቨርተርና ሌላ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከመስመሩ መነቀል አለበት፤ አለዚያ የሜገሩ ቮልት ራሱ መሣሪያውን ይገድለዋል።

ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች

በዱቄት፣ በዘይትና በመኖ ፋብሪካዎች ትእዛዙን የሚሰጠው ፒኤልሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ የሪሌይ ክምርን ለመተካት የተፈጠረ ነው። ማሽኑ ሲቆም ብዙ ሰው ፒኤልሲውን ይጠረጥራል፤ ሆኖም ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ውጭ ባለ ሴንሰር፣ ሽቦ ወይም የኃይል ምንጭ ላይ ነው።

በፒኤልሲው ፊት ያሉት መብራቶች ይህን ለመለየት ይረዳሉ። የኃይል መብራቱ ካልበራ መጀመሪያ የሚፈተሸው የ24 ቮልት ኃይል ሰጪው ነው። ቮልቱ ወርዶ ከተገኘና ጭነቱ ሲነቀል ወደ 24 ከተመለሰ፣ ከውጭ አንድ ሴንሰር ወይም ኬብል ተገናኝቷል ማለት ነው፤ አንድ በአንድ በመንቀል ይገኛል። ሴንሰሩ ሲነካ የመግቢያው መብራት ካልበራ ጉድለቱ ከሴንሰሩ እስከ ፒኤልሲው ባለው መስመር ነው። የመውጫው መብራት በርቶ ኮንታክተሩ ካልሳበ ደግሞ የመውጫው ፊዩዝ፣ ሪሌይ ወይም ሽቦ ይፈተሻል። የስሕተት መብራት ከበራ ወይም መሣሪያው ከሥራ ወደ ማቆሚያ ከተዛወረ፣ ፕሮግራሙን የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። የፕሮግራሙ ቅጂ ከፋብሪካው ውጭ ሊቀመጥ ይገባል። ማስታወሻውን በባትሪ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ባትሪው ሳይሞት መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሊጠፋ ይችላል።

ኢንቨርተር ሲቆም በመስታወቱ ላይ የስሕተት መለያ ያሳያል። መለያው ከመጥፋቱ በፊት መመዝገብ አለበት። ከመጠን በላይ አምፔር የሚለው የተያዘ ማሽን ወይም የተገናኘ ኬብል፣ ዝቅተኛ ቮልት የሚለው የመስመር መዳከም ወይም የጎደለ ፌዝ፣ ከፍተኛ ቮልት የሚለው ከባድ ተሽከርካሪን በፍጥነት ለማቆም መሞከር፣ ሙቀት የሚለው ደግሞ የቆመ ማራገቢያ ወይም የተደፈነ አየር መግቢያ ሊሆን ይችላል።

የፀሐይ ኃይል ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነሎቹ ኃይል ማመንጨታቸውን አያቆሙም፤ በተከታታይ ሲያያዙ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሰጣሉ። ሽቦው ጭነት ላይ እያለ ቢነቀል ብልጭታው በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ፓምፑ ይቆማል፤ ከዚያ ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራው መለያያ ማብሪያ ይጠፋል። ውኃው ሲያንስ ከሣጥኑ በፊት የፓነሎቹ አቧራና ጥላ ይታያል። መቆጣጠሪያው «ውኃ የለም» ብሎ ከቆመ ጉድጓዱ በእርግጥ ደርቆ፣ ወይም የውኃ መለያ ሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ከፍታ፣ ሙቀትና አቧራ

ብዙ አምራቾች የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያን አቅም የሚጽፉት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ በተለመደው መመሪያም ለየ100 ሜትሩ አቅሙ በ1 በመቶ ይቀንሳል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 30 አምፔር የተባለ ኢንቨርተር በዚህ ስሌት 24.6 አምፔር ብቻ እንደሚችል መቁጠር ይገባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቅነሳው ወደ 8 በመቶ ይሆናል። በዝቅተኛ ሀገር የሠራ መሣሪያ በደጋ ደጋግሞ በሙቀት የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሙቀት የሞተር መጠምጠሚያን መከላከያ ያረጃል። በተለመደው ስሌት ከተፈቀደው በላይ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ዱቄት ደግሞ አየር መግቢያን ይደፍናል፤ እርጥበት ሲያገኝም ኃይል ያስተላልፋል። አቧራውን በኃይለኛ አየር መንፋት ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በአየር ላይ የበተነ ዱቄት በብልጭታ ሊቀጣጠልም ይችላል። ኃይሉ ጠፍቶ በለስላሳ ብሩሽና በመምጠጫ ማጽዳት ይሻላል። የኬብል መግቢያዎች በተገቢው ማሸጊያ መዘጋት፣ የመሬት ሽቦው ሳይበጠስ መጠበቅ፣ ከክረምቱ መብረቅ በፊትም የመብረቅ መከላከያው መፈተሽ አለበት።

መለዋወጫ ሲገዛ

አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። የኮንታክተሩ መጠምጠሚያ ቮልት፣ የአምፔር መጠኑና ለሞተር ሥራ የተሠራ መሆኑን የሚያመለክተው ኤሲ 3 የሚለው ምድብ መመሳሰል አለባቸው። በአንዳንድ ኮንታክተሮች ላይ በትልቁ የሚጻፈው አምፔር ለምድጃ ዓይነት ጭነት የሚሆነው ነው፤ ለሞተር የሚሆነው ከዚያ ያንሳል። ለገበያው ዋጋ በጣም የረከሰና ጽሑፉ የደበዘዘ ዕቃ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፊዩዝ በዚያው መጠን ፊዩዝ እንጂ በሽቦ አይተካም።

ለባለሙያ ሲደወል

ባለሙያ ከሩቅ ከተማ የሚመጣ ከሆነ፣ በስልክ የሚነገረው መረጃ አንድ ቀን ሊያተርፍ ይችላል። የሞተሩ ሰሌዳ ፎቶ፣ የሣጥኑ ውስጥ ፎቶ፣ የስሕተት መለያው፣ የኦቨርሎዱ የተሞላ ቁጥር፣ ማሽኑ የቆመበት ሰዓትና ሁኔታ ይላክለታል። ይህን ለማድረግ በሣጥኑ አጠገብ አንድ ደብተር ማኖር በቂ ነው። በየወሩ የሦስቱ ፌዞች ቮልትና አምፔር በባለሙያ ተለክቶ ቢጻፍ፣ አንዱ ቀስ በቀስ ሲለይ ሞተሩ ሳይቃጠል ይታወቃል።

ብሎኖች በዓመት አንድ ጊዜ ኃይሉ ጠፍቶ ቢጠብቁ፣ ሣጥኑ ቢጸዳ፣ የኦቨርሎዱ ቁጥር ከሰሌዳው ጋር ቢመሳከር ብዙው ጉድለት አስቀድሞ ይቀራል። ይህን ሥራ ለመስኖ ፓምፕ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ ለወፍጮ ደግሞ አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት ማከናወን ተመራጭ ነው። ሣጥኑ የሚፈተሽበትን ቀን ባለቤቱ ካልመረጠ፣ ማሽኑ የሚቆምበትን ቀን ጉድለቱ ይመርጣል፤ ያ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ የበዛበት ነው።